ስለ ገና ዛፍ አመራረጥና አጠባበቅ

የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በዚህ ዕለት ቄጠማ መጎዝጎዝ የቆየ ልማድ ሲሆን፥ ዛፍ ቆርጦ በቤት ውስጥ ማቆምና ማስጌጥ ግን ከአውሮፓ የመጣ ነው። ቤተ ሰብን የሚያስደስት ስለ ሆነ ልማዱ አይነቀፍም፤ ነገር ግን የሚቆረጠው ዛፍ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

የሐበሻ ጥድ በደጋ የሚበቅል፥ እድገቱም የዘገየ ዛፍ ነው። ለሕንፃ ሥራ እጅግ ስለሚፈለግ ደኑ ከብዙ ስፍራ ጠፍቷል። በመናገሻ ሱባና በወፍ ዋሻ የቀረው ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ብዙ ዓመት የደከመበትን ዛፍ ለጥቂት ቀን ጌጥ ሲባል መቁረጥ ታላቅ ጥፋት ነው። ስለዚህ ገዢው ተተክሎ ያደገውን የፈረንጅ ጥድ ይምረጥ። ገበሬውም ደኑ እንዲሳሳ ከመካከል የሚቆርጠውን ለገበያ ቢያቀርብ፥ የቀሩት ዛፎች ይወፍራሉ፤ እርሱም ገንዘብ ያገኛል። ሹማምንትም ለሽያጭ የቀረበው ዛፍ ከየት እንደ መጣ ይመርምሩ።

የትኩስ ዛፍ ቅጠል ሲያጥፉት አይሰበርም፤ ግንዱን ቢያራግፉትም አረንጓዴው አይረግፍም። ቤት እንደ ደረሰ ከግንዱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ዳግመኛ ተቆርጦ ወዲያው ውሃ በሞላበት ባልዲ ይቁም፤ የተቆረጠው ፊት ከደረቀ ውሃ አይስብምና። ውሃው ከግንዱ ጫፍ በታች እንዳይወርድ በየዕለቱ ይጨመርበት። የደረቀ ጥድ በእሳት ፈጥኖ ስለሚያያዝ ከሻማና ከምድጃ ይራቅ። ለአክሊል ቅርጽ ጌጥ የሚሆነው ከዚያው ዛፍ የተመለመለው የታች ቅርንጫፍ ነው፤ ሌላ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም።

በቆላ አገር ያለው ግን ሌላ ብልሃት ያሻዋል። በካርቱም፥ ዐማራት በሚባለው ሰፈርና በሌሎችም ሰፈሮች፥ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ተነሥቶ ብዙ ነዋሪ እስኪሰደድ ድረስ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። የከተማይቱ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በገና ሰሞን እንኳ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አየሩም ደረቅ ነው። ከደጋ የተቆረጠ ጥድ እዚያ ቢወሰድ ከበዓሉ በፊት ይረግፋል። በዓባይ ዳር የሚበቅለው የተምር ዘንባባ ግን ጠንካራ ስለ ሆነ ቶሎ አይጠወልግም። ኢትዮጵያዊ እናት በሆሣዕና ዕለት ዘንባባ ገምዳ የጣት ቀለበትና የራስ አክሊል መሥራትን ከልጅነቷ ታውቃለች። ያንኑ የእጅ ሞያ ለገና የበር ጌጥ ብታውለው ወጪ ሳይበዛባት፥ ዛፍም ሳይጠፋ በዓሏን ታሳምራለች። ወደ ካርቱም የሚመለስ ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

በደጋ ለሚኖር ቤተ ሰብ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው በሸክላ የተተከለ ሕያው ችግኝ መግዛት ነው። በበዓሉ ቀን ያጌጠው ችግኝ ክረምት ሲገባ በግቢ ወይም በማሳ ዳር ቢተከል፥ ልጆቹ ሲያድጉ ከጥላው ሥር ይቀመጣሉ።