ኩልል ያለው ውሃ ሲያታልል

ሕዝብ ንጹሕ ውሃ ሳይጠጣ ሞለኪውል የሚውጠውን ብርሃን መለካት ቅንጦት ነው፣ ይልቅ ጉድጓድ ይቆፈር የሚል ጽሑፍ አነበብን። ይቆፈር! ግን የወጣው ውሃ ይጠጣ አይጠጣ ማን ይንገረን? የአባያ ሐይቅን ድፍርስነት ከአርባ ምንጭ አፋፍ ላይ ቆሞ ማንም ያየዋል። ፍሎራይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቢፈላም አይለቅም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ኩልል ባለ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ተደብቆ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህን በምላስ የሚለይ ካለ ይምጣ። ኬሚስቱ ናሙናው ላይ ከዚርኮኒየም ጋር የተጣመረ ቀይ ማቅለሚያ ጠብ ያደርጋል። ፍሎራይዱ ዚርኮኒየሙን ሲነጥቅ ቅላቱ ይደበዝዛል፤ ብርሃን የሚለካው መሣሪያም የድብዘዛውን መጠን 570 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ያነበዋል።

መሣሪያው ውድ ነው ይባላል። የማይጠጣ ጉድጓድስ በነጻ ይቆፈራል? አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እኮ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው በውሃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት ነው፤ ቆፋሪውንና ለኪውን ምን አጣላቸው?