የኢንተርኔት ቴሌፎንና የታላላቅ ኩባንያዎች ኃላፊነት

የቀድሞው ቴሌፎን የራሱ የሆነ መንገድ ነበረው። ከማዕከሉ ተነሥቶ እስከ ተናጋሪው ጠረጴዛ የሚደርሰው የመዳብ ሽቦ ለንግግር የተለየ ሲሆን፥ ቴሌፎኑ የሚሠራበትም የኤሌክትሪክ ኃይል በዚያው ሽቦ ይመጣለት ስለ ነበር የቤቱ መብራት ጠፍቶ እንኳ ንግግሩ አይቋረጥም ነበር። በዛሬው ዘመን ግን በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያላቸው ኩባንያዎች ይህን ሽቦ እየተዉ፥ ደብዳቤው፥ ሒሳቡ፥ መዝገቡና ሥዕሉ በሚተላለፍበት በኢንተርኔት መንገድ ላይ ድምፃቸውንም ጨምረው ጭነውታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተናጋሪው ያወጣው ድምፅ ወደ ቍጥር ተለውጦ ይቈራረጣል፤ አንዱ ቍራጭ አብዛኛውን ጊዜ የሰከንድ ሃምሳኛ ክፍል የሚሆን ንግግር የያዘ ነው። እያንዳንዱ ቍራጭ እንደ ደብዳቤ ታሽጎና አድራሻ ተጽፎበት ይላካል፤ ከመድረሻውም ሲደርስ በየተራው ተሰካክቶ እንደ ገና ድምፅ ይሆናል። ጉዞው እጅግ ከዘገየ ሁለቱ ተነጋጋሪዎች እየተሻሙ መናገር ስለሚጀምሩ፥ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መምሪያ መዘግየቱ በአንድ ወገን ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ መልካም መሆኑን ያመለክታል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። የሎንዶኑ ቅርንጫፍ ከሲንጋፖሩ ጋራ ሲነጋገር እንደ ድሮው በየደቂቃው የሚቈጠር የውጭ አገር ቴሌፎን ዋጋ አይኖርም፤ ለድምፅና ለመዝገብ ሁለት ዓይነት ሽቦ፥ ሁለት ዓይነትም ሠራተኛ ማኖር ይቀራል። ቍጥሩም ከግድግዳ ጋራ የተቸነከረ መሆኑ ቀርቶ ከሰውየው ጋራ የሚሄድ ሆኗል፤ የኒው ዮርክ ቍጥር ያለው ሹም ማኒላ ተቀምጦ ቢመልስ ጠሪው አያውቅም። ይህን ጥቅም የሚነቅፍ ሰው ቢገኝ የኩባንያ ሒሳብ ገልጦ አይቶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ነገር ግን ሁሉን በአንድ መንገድ የሰደደ ነጋዴ ድልድዩ በተሰበረ ቀን ዕቃውም መልእክተኛውም አብረው ይቀሩበታል። ለዚህ ነገር የፌስቡክ ኩባንያ በቂ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ የኩባንያው መሐንዲሶች እንደ ወትሮው የጥገና ሥራ ሲሠሩ፥ የዋናውን መሥመር አቅም ለመመርመር የተሰጠ አንድ ትእዛዝ በዓለም ላይ ያሉትን የኩባንያውን ማዕከሎች እርስ በርሳቸው ለያያቸው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ መርምሮ እንዲያግድ የተሠራ መሣሪያ ነበር፤ መሣሪያው ራሱ ጉድለት ስለ ነበረበት ሳያግደው ቀረ። ከዚያም ፈላጊውን ሁሉ ወደ ኩባንያው አድራሻ የሚመሩት መዝገቦች ከኢንተርኔት ተሰወሩ፤ ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ስድስት ሰዓት ያህል ተዘጉ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በውጭ ያለው ሕዝብ መቸገሩ ሳይሆን በውስጥ የሆነው ነው። ጉዳቱን ለማደስ ከሚያስፈልጉት የሠራተኞቹ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በዚያው በወደቀው መሥመር ላይ የቆሙ ስለ ነበሩ አብረው ወደቁ። መሐንዲሶች ከሩቅ ሆነው ማዘዝ ስላልቻሉ በአካል ወደ ማዕከሎቹ ተላኩ፤ ማዕከሎቹም ሌባ እንዳይደፍራቸው በብርቱ የተጠበቁ ናቸውና ባለቤቶቹ ራሳቸው እስኪገቡ ድረስ ጊዜ ፈጀባቸው። በቢሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የሚያነጋግር ኩባንያ በገዛ ቤቱ ውስጥ መነጋገር ቸገረው።

ይህ ነገር አንድ ጊዜ ሆኖ ያለፈ ነው እንዳይባል፥ በሚከተለው ዓመት ጁላይ 8 ቀን 2022 በካናዳ የሮጀርስ ኩባንያ መረብ ወድቆ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞች ተቸገሩ። ሮጀርስ ራሱ የቴሌፎን ነጋዴ ነው፤ ሆኖም ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በራሱ በኩባንያው መሥመር ስለ ነበር፥ የሌሎች ኩባንያዎችን ሲም ካርድ ወደ ሩቅ ጣቢያዎቹ መላክ ግድ ሆነበት። የጉዳቱን ምክንያት ለማወቅ እንኳ 14 ሰዓት ያህል ፈጀ። በዚያም ቀን ለአደጋ የሚደወልበትን የ911 ቍጥር የደወሉ ብዙ ሰዎች መልስ አላገኙም። የጠፋ ገንዘብ በካሣ ይተካ ይሆናል፤ ተጠርቶ ያልደረሰ ርዳታ ግን በምን ይተካል?

የአደጋ ጥሪ ነገር ሌላም ጐን አለው። በ2013 በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በማርሻል ከተማ፥ በአንድ ሆቴል ውስጥ እናቷ በሰው እጅ ስትገደል የዘጠኝ ዓመት ልጅ 911ን አራት ጊዜ ደወለች። ሆቴሉ ግን ወደ ውጭ ለመደወል አስቀድሞ 9ን መምታት የሚጠይቅ የውስጥ ማዞሪያ ነበረውና ጥሪዋ ከሕንፃው ሳይወጣ ቀረ። ከዚህ የተነሣ በ2018 ሕግ ወጥቶ፥ ከፌብሩዋሪ 2020 ወዲህ የሚሸጥና የሚተከል የመሥሪያ ቤት ቴሌፎን ሁሉ 911ን ያለ ምንም መቅድም እንዲያወጣ ታዘዘ። ሌላው ደንብ ደግሞ ጠሪው ያለበት ስፍራ ፎቁና ክፍሉ ሳይቀር ለርዳታ ሰጪዎች እንዲታወቅ አዘዘ። ቍጥራቸው ከሰው ጋራ ለሚዞር ኩባንያዎች ይህ እጅግ የከበደ ነገር ነው፤ ማኒላ የተቀመጠው ሹም ልቡን ታሞ በኒው ዮርኩ ቍጥር ርዳታ ቢጠራ አምቡላንሱ ወደየትኛው ደጃፍ ይሄድለታል?

ሁለተኛ መንገድ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ወጪ ነው የሚሉ ዲሬክተሮች አይታጡም። ዓመቱን በሙሉ ሳይነካ ሊቀመጥ መቻሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከድሮው ቴሌፎን የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ ተብሎ የሚከፈል አይደለም፤ ከፊሉ አሮጌው ሽቦ ሳይጠየቅ ይሰጥ የነበረው ደኅንነት ዋጋ ነው። የብሪታንያ ሰዎች ይህን የተረዱት ዘግይተው ነው፤ አሮጌው ቴሌፎን በ2025 መጨረሻ እንዲዘጋ ከታሰበ በኋላ፥ በቤታቸው የርዳታ መጥሪያ ደወል ያላቸው ሽማግሌዎችና ሕሙማን እንዳይጐዱ በ2024 ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 2027 ተዛወረ።

ፌስቡክ አስቀድሞ የአደጋ ልምምድ ያደርግ ነበር፤ ነገር ግን ዋናው መሥመር በሙሉ ቢጠፋ ምን ይሆናል ብሎ ተለማምዶ እንደማያውቅ ከአደጋው በኋላ ራሱ ገልጧል። እንግዲህ ሌሎቹ ይህን ልምምድ ሳይውሉ ሳያድሩ ሊያደርጉት ይገባል። በየቅርንጫፉ ከሌላ ኩባንያ የተገዛ አንድ የተለየ መሥመር ይኑር፤ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ይጨመርለት፤ ሠራተኛውም ስፍራ በለወጠ ቍጥር ያለበት ቤት ይመዝገብ። በጭንቅ ቀን የሚጠሩት ሰዎች ስምና ቍጥር በወረቀት ተጽፎ ከበር ጠባቂው ዘንድ ይቀመጥ።