የመድን ተቆጣጣሪው ወንበር

መድን ከሌላው ሸቀጥ የሚለየው ገዢው ገንዘቡን ዛሬ ከፍሎ ዕቃውን ምናልባት ከዐሥር ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚረከብ በመሆኑ ነው። የገዛው የተስፋ ቃል ነው። የክፍያው ቀን ሲደርስ የኩባንያው ካዝና ባዶ ከሆነ፣ ወይም ኩባንያው በውሉ ጥቃቅን ፊደላት ተከልሎ አልከፍልም ካለ፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ስለዚህ መንግሥት አንድ ሹም ያስቀምጣል። ሹሙ ኩባንያው ለሰጠው ቃል የሚበቃ መጠባበቂያ መያዙን ያጣራል፤ መድን ገቢው በአረቦን አወሳሰንም ሆነ በካሳ አከፋፈል እንዳይበደል ይጠብቃል።

ስለ ሚኒስትሮችና ስለ ዳኞች ሹመት ብዙ ተጽፏል። ስለዚህኛው ሹመት ግን የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም። ለመሆኑ ይህ ሰው ወንበሩን የሚያገኘው ከማን ነው? የሚያጣውስ ማን ሲቆጣው ነው?

ጥያቄውን ለመመርመር አሜሪካ ትመቻለች። በዚያ አገር የመድን ቁጥጥር በዋናነት የየስቴቱ ሥራ እንጂ የማዕከላዊው መንግሥት አይደለም፤ ይህንንም ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1945 በሕግ አጽንቶታል። በአብዛኞቹ ስቴቶች የመድን ኮሚሽነሩ በሹመት ይቀመጣል፤ በ11 ስቴቶች ግን ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ይመርጠዋል። ከዚህ ረጅም ታሪክ የሁለት ሰዎችን ዕጣ ልምረጥ።

የመጀመሪያው የማሳቹሴትሱ ኤሊዙር ራይት ነው። በኦሃዮ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ማስተማሩን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1833 የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ጸሐፊ ሆነ። በ1844 ለንደን ሄዶ ሳለ አንድ ነገር ተመለከተ። አረቦን መክፈል ያቃታቸው ሽማግሌዎች የሕይወት መድን ውላቸውን በጨረታ ይሸጣሉ፤ ገዢው ደግሞ ትርፉን የሚያገኘው ሽማግሌው ቶሎ ሲሞትለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የባሪያ ጨረታን ሲቃወም የኖረ ሰው ይህን ሲያይ የተሰማውን መገመት አያዳግትም። ራይት አገሩ ተመልሶ ሒሳቡን ሠራ። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ውል በየዓመቱ ምን ያህል መጠባበቂያ መያዝ እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በ1853 አሳተመ፤ በድካሙም ልጆቹ ሳይቀሩ ረድተውታል። በ1858 መጠባበቂያን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ፤ ራሱም የስቴቱ የመድን ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። በ1861 ደግሞ አረቦኑን ያቋረጠ ሰው እስከዚያ የከፈለው ሁሉ እንዳይወረስበት የሚከለክል ሕግ አስወጣ።

ኩባንያዎቹ ጠሉት። የድርጅቶቹን ሒሳብ በይፋ ሪፖርት እየዘረዘረ ማውጣቱም ጥላቻውን አባባሰው። በግፊታቸው በ1866 ከወንበሩ ተነሣ። እሱ ግን በግል ባለሙያነት ሙግቱን ቀጠለ፤ ማሳቹሴትስ ውሉን ለሚያቋርጥ መድን ገቢ ጥሬ ገንዘብ እንዲመለስለት የሚያዝ ሕግ በ1880 ስታወጣ ራይት በሕይወት ነበር።

ሁለተኛው ሰው የካሊፎርኒያው ቸክ ኳከንቡሽ ነው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1988 በቀጥታ ድምፅ ባጸደቀው ሕግ፣ ኩባንያዎች የመኪናና የቤት መድን አረቦን ከመጨመራቸው በፊት ኮሚሽነሩን እንዲያስፈቅዱ፣ ኮሚሽነሩም በምርጫ እንዲቀመጥ ተደነገገ። ከሕዝብ የሚመረጥ ሰው ከኩባንያዎች ነጻ ይሆናል የሚል እምነት ነበር። ይሁን እንጂ ምርጫ ገንዘብ ይጠይቃል። ለዚህ ወንበር ውድድር ገንዘቡን በደስታ የሚሰጠው ደግሞ ተቆጣጣሪውን የሚፈራው ኩባንያ ነው። በ1994 የተመረጠው ኳከንቡሽ ከመድን ኩባንያዎች ብዙ የምርጫ ገንዘብ ተቀብሏል። በዚያው ዓመት ጥር ወር የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሎስ አንጀለስን መትቷት ስለነበር፣ የመሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች በርካታ ኩባንያዎች የተጎጂዎችን የካሳ ጥያቄ እንዳጓደሉ ደረሱበት፤ ከባድ ቅጣትም ሊከተል ይችል ነበር። ኮሚሽነሩ ግን ቅጣቱን ትቶ ኩባንያዎቹ እሱ ላቋቋማቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጡ ተስማማ። ከዚህ ገንዘብ ኮሚሽነሩ ራሱ የሚታይባቸው የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ተሠሩበት፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች አልተካሱበትም። ምስጢራዊውን የምርመራ ሰነድ አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ለምክር ቤቱ አሳልፋ ሰጠች፤ ኳከንቡሽም በ2000 ሥልጣኑን ለቀቀ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የኛ አገር ብሂል ባሕር ማዶም ደጋፊ አያጣም ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ምርጫ መጥፎ፣ ሹመት ጥሩ የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልስማማም። ራይት የወደቀውም በሹመት በተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው። በሌላ በኩል መራጩን አብዝቶ የሚፈራ ኮሚሽነር የአረቦን ጭማሪን ከአደጋው መጠን በታች አፍኖ ይይዝና ኩባንያዎቹ ገበያውን ጥለው ይሄዳሉ። በ2023 ስቴት ፋርም በካሊፎርኒያ አዲስ የቤት መድን ማመልከቻ መቀበል ሲያቆም፣ የሰደድ እሳት አደጋና የግንባታ ዋጋ መናሩ ምክንያት ሆነው ቢጠቀሱም፣ የ1988ቱን ሕግ ተጠያቂ ያደረጉ ብዙዎች ነበሩ። በከፊል እውነት አላቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ ከዚያም አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻውን ገበያውን ያዘ። የግል ባለሀብት እንዲገባ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ነው። የኋላው አዋጅ ቁጥር 746/2004ም ፈቃድ የመስጠቱንና የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለብሔራዊ ባንክ አደረገው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ፣ የዋጋ ንረትና የባንኮች ጭንቀት ያለበት ተቋም ነው፤ መድን ከእነዚህ ቀጥሎ የሚታሰብ የእንጀራ ልጅ ነው ብል አጋነንኩ አልልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በገበያው ትልቁ መድን ሰጪ የመንግሥት ንብረት ነው። እንግዲህ ተቆጣጣሪውም መንግሥት፣ ትልቁ ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገውም መንግሥት ሆነ። ይህ ማለት አሁን የተቀመጡት ሰዎች አድልተዋል ማለት አይደለም። ቢያደሉ ግን በምን እናውቃለን? ሦስተኛ ወገን መድን ያለው መኪና ልጇን የገጨባት እናት ካሳው ሲጓተትባት፣ የሹሙ ሪፖርት እንደ ራይት ዘመን የየድርጅቱን ስም እየጠራ አይነግራትም።

ራሱን የቻለ የመድን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይቋቋም የሚለው ሐሳብ ለዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ ቆይቷል። እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ረቂቅ ሲቀርብ በመጀመሪያ የማነበው ሥልጣንና ተግባር የሚለውን ረጅም ዝርዝር አይሆንም። ዋና ሹሙ ለስንት ዓመት እንደሚሾም፣ ዘመኑ ሳያልቅ በምን ምክንያት ብቻ ሊነሣ እንደሚችል፣ ምክንያቱም ለሕዝብ በጽሑፍ ይገለጥ እንደሆነ፣ ከወንበሩ በተነሣ ማግስትም በአንዱ መድን ድርጅት ቦርድ ውስጥ መቀመጥ ይፈቀድለት እንደሆነ የሚናገሩትን አጫጭር አንቀጾች እፈልጋለሁ።