ከጥንቱ ዓለም ታሪክ፦ ከተማ ጠባቂው የእንጨት ምስል

በዚህ እትም የምናወጋችሁ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ከተማችንን ይጠብቅልናል ብለው ስላመኑበት አንድ የእንጨት ምስል ነው። ስሙ ፓላዲዩም ይባላል። የሴት አምላካቸው የአቴና ምስል ሲሆን፣ ከሰማይ ወደ ትሮይ ከተማ ወረደ ይሉ ነበር። እሱ በውስጧ እስካለ ድረስ ከተማይቱን የሚደፍር ጠላት የለም። ስለዚህ ግሪኮቹ ኦዲሲየስና ዲዮሜዴስ በሌሊት ሾልከው ገብተው ሰረቁት፤ ትሮይም ወደቀች ይላል ተረቱ።

ሮማውያን ግን «የተሰረቀው ቅጂው ነው፤ እውነተኛውን ኤኔያስ ወደ ኢጣሊያ አምጥቶልናል» ባዮች ነበሩ። አርጎስም አቴንስም «እኛ ዘንድ ነው» ይሉ ነበር። የሮማውያኑ ምስል በቬስታ መቅደስ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ስድስት ደናግል፣ እያንዳንዳቸው ለ30 ዓመት፣ የመቅደሱን እሳት እንዳይጠፋ ያነዳሉ፤ ምስሉንም ይጠብቃሉ። ሌላ ሰው እንዲያየው አይፈቀድም፤ ወንድማ ጨርሶ አይገባም።

ከአሁኑ አቆጣጠር በፊት በ241 ዓመት መቅደሱ ተቃጠለ። ሊቀ ካህናቱ ሜቴሉስ ክልከላውን ጥሶ እሳቱ ውስጥ ገባና ምስሉን ይዞ ወጣ። በዚህ ምክንያት ዓይኑ ጠፋ ይባላል፤ ከዓመታት በኋላ ትልቅ ሹመት ስለያዘ ግን ይህን የሚጠራጠሩ አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ከተማ ጠባቂ የተባለውን ከእሳት ያወጣው ሰው ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ሁለተኛው ቃጠሎ ነው። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን የወርቅ ዕቃ ቄሣር ቬስፓስያኖስ ሮም ውስጥ ባሠራው የሰላም መቅደስ እንዳኖረው ዮሴፍ ፍላቪዮስ ጽፎልናል። በቄሣር ኮሞዶስ ዘመን፣ በ192 ገደማ፣ ያው የሰላም መቅደስ በእሳት ጋየ፤ እሳቱም ወደ ቬስታ መቅደስ ተዛመተ። ደናግሉ ፓላዲዩምን ተሸክመው «ቅዱስ ጎዳና» በሚባለው መንገድ ወደ ቤተ መንግሥት ሮጡ። የዘመኑ ጸሐፊ ሄሮድያን እንደሚለው፣ ምስሉ ኢጣሊያ ከገባ ወዲህ ሕዝብ ያየው ያን ጊዜ ነው። በዚሁ ጎዳና ላይ የቲቶ የድል በር እስከ ዛሬ ቆሟል፤ መኖራውን የተሸከሙት የሮም ሰዎችም በውስጡ ተቀርጸው ይታያሉ።

በኋላ ዘመን የቁስጥንጥንያ ሰዎች «ፓላዲዩምን ቆስጠንጢኖስ ከሮም አምጥቶ በዓምዱ ሥር ቀብሮታል» ይሉ ነበር። ዓምዱ ዛሬም ኢስታንቡል ውስጥ አለ። ከተማይቱን ግን ቱርኮች በ1453 ያዟት።