የጤናውን ሒሳብ ማን ይመልሳል?

በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ ቅጥነትና ስለ መኝታ ክፍሎቻችን ብርድ ብዙ ጽፈናል፤ ተገቢም ነበር። ዛሬ ግን ከግቢያችን አጥር ወጣ ብለን፣ እኛን ለማስተማር ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ሲታመም ምን እንደሚያገኝ ለመጠየቅ እንወዳለን። ጥያቄው የሩቅ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅና ፋርማሲስት ለመሆን የሚማሩ ናቸው፤ የምንናገረው ነገ ስለምንሠራበት ቤት ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ለልምምድ በወጡበት፣ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ብዙ መንገድ ተጉዘው መጡ። ሕፃኑ ተመረመረ፤ መድኃኒትም ታዘዘለት። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቱን አየና «የለም፤ ከውጭ ይግዙ፣ እናቴ» አላቸው። እሳቸውም ከመቀነታቸው የጤና መድኅን ደብተራቸውን ፈትተው አወጡና «ታዲያ ይህን ለምን ከፈልን፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት። ሠራተኛው መልስ አልነበረውም። አጠገቡ የቆምነውም ተማሪዎች መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የዚያች ጥያቄ ልጅ ነው።

እናቲቱ ያን ገንዘብ የከፈሉት ገብሱ ተወቅቶ ሲሸጥ ነው። መድኅን ማለት ውል ነው፤ ገበሬው በደኅናው ቀን ይከፍላል፣ መንግሥትም በክፉው ቀን ሊያሳክመው ይገባል። አንዱ ወገን ውሉን ፈጽሟል። ሌላው ወገን ባይፈጽም የሚጠየቀው ማን ነው?

ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ የታወቀ ነው። ጤና ጣቢያው «ወረዳው በጀት አልለቀቀም» ይላል። ወረዳው «ከክልል የመጣልን ድጎማ ከደመወዝ አያልፍም» ይላል። ክልሉ ወደ ፌዴራል ያመለክታል። የመድኃኒት አቅራቢው መሥሪያ ቤት የውጭ ምንዛሪ እጥረትን ያነሣል። ፌዴራሉ ደግሞ «አፈጻጸሙ የክልሎች ነው» ብሎ ነገሩን ወደ ታች ይመልሰዋል። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ፖሊሲውን የሚያወጣ፣ በጀቱን የሚያከፋፍል፣ ደመወዙን የሚከፍል፣ መድኃኒቱን የሚያቀርብ ሁሉ አለ፤ መድኃኒቱ ሲታጣ ግን «እኔ ነኝ» የሚል አንድም የለም።

የምንኖርባት ከተማ ይህን ጥያቄ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሳሉ ቸነፈር ገብቶ፣ ሟቹን የሚቀብር እስኪጠፋ ድረስ ሕዝቡ እንዳለቀ፣ ንጉሡም በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር ሲመጡ ሐኪም አስከትለው ነበርና፣ መድኃኒት ፈላጊው ይጎርፍባቸው ነበር። በዚያ ዘመን የሕዝብ ጤና የንጉሥ ቸርነት፣ የእንግዳም ስጦታ ነበር። ቢገኝ ይመሰገናል፤ ባይገኝ ማንም አይከሰስም።

ዛሬ ግን ቸርነት መሆኑ ቀርቶ ሕግ ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4፣ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎችም የማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው፣ ከየአገራቸው ዓመታዊ በጀት ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። ለዚያች እናት ግን ቃሉ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖባቸዋል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱ ያወጣውን የ2009 ዓ.ም. በጀት ዓመት የጤና ወጪ ጥናት ስንመለከት፣ ለጤና ከዋለው ገንዘብ ሲሶ ያህሉን የሸፈነው መንግሥት፣ ከሲሶ ጥቂት የሚበልጠውን የውጭ ለጋሾች፣ ሲሶ የሚጠጋውን ደግሞ በሽተኛውና ቤተሰቡ ከኪሳቸው ነው። ሲሶ የሚለውን ቃል ሸዋ በደንብ ያውቀዋል። አያቶቻችን የባለርስት መሬት አርሰው ሲሶውን ይገብሩ ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡ ተማሪዎች የተነሡትም በዚያ ላይ ነው። የመሬቱ ሲሶ ቀርቷል። የበሽታው ሲሶ ግን እስካሁን ይገበራል፤ የሚገብረውም ሰው በሚበረታበት ቀን ሳይሆን ተኝቶ በሚያቃስትበት ቀን ነው።

የተሠራውን አልተሠራም አንልም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የገጠሩን ቤት አንኳኩተው ክትባት፣ የወሊድ ክትትልና የመጸዳጃ ጉድጓድ አስተምረዋል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ለዚህም መንግሥትንም ሠራተኞቹንም እናመሰግናለን። ነገር ግን ምስጋናው ራሱ ክሱን ያጠነክረዋል። ፖሊሲ ሲወጣ፣ ገንዘብ ሲመደብለትና ሥራው ሲቆጠር ሕፃናት እንደሚተርፉ በገዛ አገራችን ከታየ፣ «አይቻልም» የሚለው ሰበብ ከየት ይመጣል?

በሌላው ትከሻ ላይ የቆመ ቤት ምን እንደሚገጥመው በቅርቡ አይተናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋ አብሮ ተሰቀለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ለጋሹ የሰጠውን ቢነሣ እኛ ልንከሰው አንችልም፤ የእሱ መራጭ ሌላ ነው። ልንጠይቀው የሚገባን የራሳችንን መንግሥት ነው፤ የሕዝቡን ጤና እንዲህ ባለ ድጋፍ ላይ ሲያቆም፣ ድጋፉ የቀረ እንደ ሆነ የሚተካውን አስቦ ነበር ወይ?

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን የጠየቁት ሰዎች ያገኙት መልስ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎችም የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም፣ የሥራ ሁኔታችን ይስተካከል ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ተይዘው ታሰሩ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሏል። ታዲያ መሻሻል የሚገባው ደመወዝ ከነበረ፣ ይሻሻል ያለው ሰው ስለ ምን ታሰረ? የዩኒቨርሲቲያችን የጤና ሳይንስ ግቢ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። እሳቸው ስንቱን በሽተኛ በቢላቸው ያዳኑ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ሲሆኑ፣ ስለ ተናገሩት ቃል ታስረው፣ በእስር ቤት ታመው፣ ለሕክምና ወደ ውጭ የተለቀቁት ከረፈደ በኋላ ሆኖ በግንቦት 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ዐረፉ። ስማቸውን በር ላይ ጽፈን፣ የሚናገር ሐኪም ሲታሰር ዝም ብንል ስሙ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ጦርነቱን የሚያነሡም አሉ። እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ውጊያው ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ተጠግቶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የክልላችን ሕዝብ ሰላም አጥቷል፤ ከየቦታው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ተከማችተዋል። ነገር ግን ጦርነት ቁስለኛንና ስደተኛን ያበዛል እንጂ የጤናን በጀት ትርፍ ነገር አያደርገውም።

«አገሪቱ ድሃ ናት» የሚለውን መልስ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ታይላንድ ከእኛ የተሻለ ሀብት እንዳላት እናውቃለን። ሆኖም በ1989 ዓ.ም. ኢኮኖሚዋ ወድቆ ገና ሳያገግም፣ በ1994 ዓ.ም. በግብር ገንዘብ የሚሸፈን ሕክምናን ለመላ ሕዝቧ አዳረሰች፤ ለዚህ የበጀት ምርጫ ነበር የሚያስፈልገው። ድህነት የገንዘቡን ማነስ ያስረዳል፤ የሒሳቡን መደበቅ ግን አያስረዳም። እንዲያውም ጥቂት ያለው ሰው ነው እያንዳንዷን ሳንቲም ቆጥሮ ለቤተሰቡ የሚያሳየው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ በር ላይ የዓመቱ በጀት፣ ከሕክምና ክፍያና ከመድኅን የገባው ገንዘብ፣ የወጣውም ወጪ ማንም ሊያነበው በሚችል አማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፤ የመድኅን አባል የሆነ ሰው መድኃኒት ታጥቶበት ከውጭ ሲገዛ፣ ደረሰኙን አቅርቦ ገንዘቡን ሳይጉላላ ያግኝ፤ መድኃኒቱ ስለ ምን እንደ ታጣም ኃላፊው በጽሑፍ ይመልስ።

ሦስተኛ፤ ክልሉ ከጠቅላላ በጀቱ ስንት በመቶ ለጤና እንዳዋለ፣ ከ15 በመቶው ቃል ጋር እያስተያየ በየዓመቱ ለምክር ቤቱና ለሕዝቡ ያስታውቅ።

አራተኛ፤ ስለ ሙያውና ስለ በሽተኛው የተናገረ ባለሙያ ስለ ተናገረ አይታሰር።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። አንደኛው አንድ ወረቀትና ጥቂት ሙጫ ይበቃዋል።

ወቀሳው እኛንም ይነካናል። እኛ የተማርነው ክፍሎች፣ ከአንኮበር ገደል በሽተኛ በቃሬዛ ሲወጣ እያየን፣ ተመርቀን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር የምንሄድበትን ቀን ስንቆጥር ቆይተናል። መምህሮቻችንም ቢሆኑ የጤና ፖሊሲን ለፈተና ያስተምሩናል እንጂ ፖሊሲው በጎረቤት ጤና ጣቢያ ምን እንደ ሆነ እንድንመረምር እምብዛም አይልኩንም። ይህ ሊለወጥ ይገባል፤ መምህሮቻችን ይህን ምርመራ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አድርገው ቢሰጡን ደስ ይለናል።

እስከዚያው ድረስ ይህን ያነበበ ተማሪ ሁሉ፣ ለዕረፍት ወደ ቀየው ሲመለስ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ የዓመቱን ሒሳብ በትሕትና ይጠይቅ። የተሰጠውን መልስ፣ መልስ ከተነፈገም መነፈጉን፣ ከነቀኑ ጽፎ ያምጣልን። በሚቀጥለው ቁጥር የየወረዳውን መልስ ጎን ለጎን አድርገን እናወጣለን።