«ለእሷ ብዬ ነው የደበቅሁት»



ባለፈው ሳምንት በወጣቶች ኅብረት የጥያቄና መልስ ሰዓት አንድ ልጅ ተነሥቶ «ፓስተር፣ ስፓይደርማን ማንነቱን ከአክስቱ መደበቁ ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ግን አልሳቀም። መልስ ሳልጀምር ከኋላ አንዱ «ለእሷ ብሎ እኮ ነው!» አለ፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። እኔን ዝም ያላስባለኝ ይኸው «ለእሷ ብሎ» የሚለው ነው። ያን ዕለት በቂ መልስ ስላልሰጠሁ እዚህ ልጻፈው።

ለማያውቁት አባቶችና እናቶች፦ ስፓይደርማን እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔት ላይ የወጣ ገጸ ባሕርይ ነው። አጎቱና አክስቱ ያሳደጉት ፒተር ፓርከር የሚባል ተማሪ ልዩ ኃይል ያገኝና ጭምብል አጥልቆ ከክፉዎች ጋር ይዋጋል። ቆስሎ ሲመጣ ለአክስቱ ለሜይ ሌላ ምክንያት ይሰጣታል። በ1938 የወጣው ሱፐርማንም እንዲሁ ነው፤ አብራው በጋዜጣ የምትሠራውን ሎይስ ሌንን ለአሥርት ዓመታት በአንድ መነጽር አታልሏታል። (ጋዜጠኛ ሆና እንዴት እንዳልነቃች እስከ ዛሬ አይገባኝም።) የሁሉም ምክንያት አንድ ነው፤ ጠላቶቼ ካወቁኝ የምወዳቸውን ይጎዱብኛል የሚል።

ከጠላት መደበቅን አልቃወምም። የሙሴ እናት ሕፃኗን ከፈርዖን ሰዎች ሦስት ወር ደብቃለች፤ ማንም አይወቅሳትም። ነገር ግን ዘጸአት 2ን አስተውላችሁ አንብቡ። የሕፃኑ እህት ታውቅ ነበር። ስለምታውቅ ወንዙ ዳር ቆማ ጠበቀች፤ ስለምታውቅም የፈርዖንን ልጅ አነጋግራ ሕፃኑን ወደ እናቱ ጡት መለሰችው። ያቺ ልጅ «ትንሽ ናት፣ አትጨነቅ» ተብሎ ቢደበቅባት ኖሮ ማን ወንዙ ዳር ይቆም ነበር?

አሁን ወደ ስፓይደርማን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ታሪክ ግዌን ስቴሲ የምትባለው ፍቅረኛው ትሞታለች። የገደላት ግሪን ጎብሊን ጭምብሉን የሚያጠልቀው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ግዌን ግን አታውቅም ነበር። ምስጢሩ ከተጠለፈላት አደጋ አላዳናትም፤ አደጋ ውስጥ መሆኗን እንዳታውቅ ብቻ አደረጋት። ጠላት ያወቀውን ወዳጅ ካላወቀ፣ ጥበቃው የታለ?

ወጣቶቹ ሶምሶንን ጠቀሱብኝ። «ለደሊላ ነግሮ ዓይኑ ጠፋ» አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ደሊላ ብር ሊሰጧት ቃል የገቡላት፣ ሦስት ጊዜም ልታስይዘው የሞከረች ሴት ናት። አጠገቡ የተኛች ጠላት ነበረች። ይልቅ ወደ መሳፍንት 14 ተመለሱ። ሶምሶን ከአንበሳ ሬሳ ውስጥ ማር ወስዶ ለአባቱና ለእናቱ ሰጣቸው፤ ከየት እንዳመጣው ግን አልነገራቸውም። እነዚያ ሽማግሌዎች ልጃቸው ናዝራዊ እንዲሆን ከእግዚአብሔር ዘንድ የተነገራቸው ናቸው፤ ሳያውቁ ከሬሳ የወጣ በሉ። የደበቅንባቸውን ሰዎች ሳይፈቅዱ የነገራችን ተካፋይ እናደርጋቸዋለን።

አንዱ በሰል ያለ ወጣት ግን የምር ያዘኝ። «ፓስተር፣ እናንተስ በደርግ ጊዜ ተደብቃችሁ አልነበር የምታመልኩት?» አለኝ።

ነበርን። በ1979 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ በአንድ እየገባን፣ በሹክሹክታ እየዘመርን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በደብተር ሽፋን ሸፍነን በየቤቱ እንሰበሰብ ነበር። ከቀበሌው መደበቃችን ትክክል ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። ግን ከእናቴም ደበቅሁ። «ጥናት አለኝ» እያልኩ እወጣ ነበር። ካወቀች ትጨነቃለች፣ ቢጠይቋትም ችግር ላይ ትወድቃለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አንድ ሐሙስ ማታ ቤቱ ተከበበና ሁለት ሌሊት ታሰርን። እናቴ አብሬው የማጠና ወዳልኳት ልጅ ቤት ሄደች፤ እሱ ስለ እኔ አያውቅም። ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞረች፤ በሁለተኛው ቀን ሬሳ ክፍል ደጃፍ ቆመች። የሁለት ጓደኞቼ እናቶች ግን ያውቁ ስለነበር ምሳ ቋጥረው የታሰርንበት በር ላይ ነበሩ። ስፈታ እናቴ አልተቆጣችኝም። «የት ብዬ ልፈልግህ ነበር?» ብቻ አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። የፈራሁት ቀበሌው እንዳይጎዳት አልነበረም። እናቴ ጸሎቷን የማታስታጉል ኦርቶዶክስ ነበረች፤ የፈራሁት እንባዋን ነበር። «ለእሷ ብዬ» ያልኩት ለራሴ ብዬ ነው። ፒተር ፓርከርም ጭምብሉን ደብቆ በመስኮት ሲገባ ከዚህ የተለየ ነገር ያደርጋል ብዬ አላምንም።

ጌታችንን ተመልከቱ። በማርቆስ ወንጌል ማንነቱን ለሕዝቡ እንዳይገልጡ ደጋግሞ ሲያዝዝ እናነባለን። ለደቀ መዛሙርቱ ግን መከራ እንደሚቀበልና እንደሚገደል አስቀድሞ ነገራቸው። ጴጥሮስ እንደሚቆጣ፣ ሌሎቹም እንደሚያዝኑ ያውቅ ነበር። ከመካከላቸው አሳልፎ የሚሰጠው እንዳለም ያውቅ ነበር። ሆኖም ነገራቸው።

ሁሉም ነገር ለሁሉም ይነገር አላልኩም። የአምስት ዓመት ሕፃን የአባቱን ሸክም አይሸከምም። በምክር አገልግሎት የሰማሁትን ለባለቤቴ አልነግራትም፤ የሌላ ሰው ምስጢር ነውና። የማልነግራት ነገር እንዳለኝ ግን ታውቃለች። የራሴ ማንነት፣ የራሴ አደጋ፣ የራሴ ቁስል ሲሆን ግን ለእሷ የማይነገር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ያገባችሁ ወንድሞች፣ በተለይ አገልጋዮች፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ኢንክሬዲብልስ» የተባለውን የካርቱን ፊልም ከልጆቻችሁ ጋር እዩት። ባልየው ከሥራ ተባሮ ሳለ ለሚስቱ «ለሥራ ጉዞ ነው» እያለ በስውር ጀግንነቱን ይቀጥላል። ሚስቲቱ ራሷ ጀግና ናት! በኋላ ባሕር ተሻግራ ልታድነው የመጣችውም እሷ ናት። የደም ምርመራ ውጤቱን ኪሱ የከተተ፣ የተበደረውን ገንዘብ ያልተናገረ፣ «እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» የሚል ወንድም ከመካከላችን አይጠፋም። እህቴ ሆይ፣ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።

አክስት ሜይን አልረሳኋትም። ፒተር «ልቧ ደካማ ነው፣ ብትሰማ ትሞትብኛለች» ሲል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ታሪክ ቆስሎ በተኛበት፣ የተቀዳደደው ልብሱ አጠገቡ እንደወደቀ ደረሰችበት። አልሞተችም። በኋላም ተቀምጣ አወራችው።

ወጣቶች፣ ስለ ሶምሶን የቀራችሁን ጥያቄ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።