በጎ ሥራም አሠራር ይፈልጋል
ለአዳማና ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተማሪዎች የቀረበ ጥሪ

ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ስትሉ ወንጂን ታገኛላችሁ። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ እዚያ ለዓመታት የኖሩ ሠራተኞችን ጥርስና አጥንት የጎዳው የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ መሆኑ በጥናት ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ችግሩ የወንጂ ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ በላይ ፍሎራይድ አለባቸው።

ለዚህ መላ ከፈለጉት አንዱ «ኦሾ» በሚል ምህጻር የሚታወቀው የኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት ነው። ኢዋግ ከተባለው የስዊዘርላንድ የውሃ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በሞጆ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ማዘጋጀት ጀመረ። የእንስሳት አጥንት አየር በተመጠነበት ምድጃ ይከስላል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ ውሃው ሲያልፍበት ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀራል።

አሁን ነገሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ፍሎራይድ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከሰሉ የመያዝ አቅሙን ሲጨርስም ውሃው እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ይወርዳል። እናትየው ጀሪካኗን ሞልታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ የተለወጠ ነገር መኖሩን የምታውቅበት መንገድ የላትም። የሚያውቀው የማጣሪያው መዝገብ ብቻ ነው። ከሰሉ መቼ ተሞላ? በቀን ስንት ጀሪካን ይቀዳል? ውሃው ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው፣ ውጤቱስ ስንት ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች በወቅቱ መልስ ካላገኙ ማጣሪያው በቦታው ቆሞ ሳለ ልጇ ይጎዳል። ቅን ልብና ጥሩ ኬሚስትሪ ብቻቸውን አያድኑትም።

የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመቂ፣ የባቱ፣ የሻሸመኔ ተማሪዎች ሆይ፣ የምጠራችሁ እንዲህ ላለው አሠራርን የማስተካከል ሥራ ነው። በየከተማችን ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያስተምሩ፣ አረጋውያንን የሚጦሩ፣ ሕሙማንን የሚያስታምሙ ድርጅቶች አሉ። ብዙዎቹ የጎደላቸው ቅንነት ሳይሆን አሠራር ነው። አንዲት ሠራተኛ ገንዘብ ያዥም፣ ንብረት ክፍልም፣ ሪፖርት ጸሐፊም ሆና ትውላለች። የዱቄት ከረጢት ከኋላ ተደብቆ የአገልግሎት ጊዜው ያልፋል። ለልጇ ዩኒፎርም የተፈቀደላት እናት ፋይሏ ስለጠፋ ከቀበሌ ደብዳቤ እንደገና አምጪ ተብላ ትመለሳለች። ለታክሲ የከፈለችው ብር የምሳዋ ነበር።

ለምን ባለሙያ አይቀጥሩም የሚል ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለተረጂ የመጣ ገንዘብ ለተረጂ ይድረስ ማለቱ ነውና ሕጉን እደግፋለሁ። ሆኖም በዚያች ገንዘብ የቢሮ ኪራይ፣ ደመወዝና ኦዲት ተከፍሎ አሠራር የሚፈትሽ ባለሙያ ለመቅጠር ለትንሽ ድርጅት የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ያን ክፍተት የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

እንዲህ ያለው ሥራ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የኒውዮርክ ምሳሌ ያሳያል። ሐርለም ውስጥ ለችግረኞች እራት የሚያበላ አንድ ድርጅት ነበር። ቶዮታ ከገንዘብ ይልቅ መሐንዲሶቹን ላከለት። ሰው ወደ ውስጥ የሚገባው አሥር አሥር እየሆነ ነበርና አንድ ወንበር በተለቀቀ ቁጥር አንድ ሰው እንዲገባ አደረጉ፤ ባዶ ወንበር መጠቆም ብቻ ሥራው የሆነ ሰውም መደቡ። እስከ 90 ደቂቃ ይደርስ የነበረው ወረፋ ወደ 18 ደቂቃ ወረደ። ተጨማሪ ምግብ፣ ተጨማሪ ሕንፃ አላስፈለገም።

ካይዘን የሚባለው ይህ የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎች በስንቱ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ከፋብሪካው አልፈው የሕፃናት ማሳደጊያው መጋዘን ይግቡ! ተማሪ ለሕዝብ ሲወጣም የመጀመሪያው አይሆንም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያሰማራ ነበር።

ስትሄዱ ግን መፍትሔ ይዛችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ከንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ጎን ቁጭ በሉ። ዕቃ በገቢ ቅጹ በሞዴል 19 ገብቶ በወጪ ቅጹ በሞዴል 22 እስኪወጣ ድረስ ስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቆም በወረቀት ሳሉት። ዘበኛውንም ጠይቁ፤ ተረጂ ስንቴ እንደሚመላለስ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ እሱ ያውቃል። ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጁት። የተረጂን ስም፣ ፎቶና የሕመም ታሪክ ከግቢው አታውጡ።

ደግሞ እባካችሁ፣ ሁሉን ነገር አፕ አታድርጉት። ሠኔ ላይ ተመርቃችሁ ስትሄዱ የይለፍ ቃሉ አብሯችሁ የሚሄድ ሥርዓት ለድርጅቱ ዕዳ ነው። በደንብ የተሰመረ ባሕር መዝገብ ወይም ማንም የሚከፍተው የኤክሴል ገጽ ይበልጣል። ከአምስቱ «ማ»ዎች ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ ከእናንተ በታች ያሉ ተማሪዎችን ገና ስትጀምሩ አስከትሉ።

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የኮሌጅ አስተማሪዎች፣ ይህን ሥራ እንደ ተግባር ልምምድና እንደ መመረቂያ ፕሮጀክት ቁጠሩላቸው። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ግዴታ ነው፤ የኬሚካልና የውሃ ምህንድስና ተማሪ የማጣሪያ ክትትል፣ የሶፍትዌር ተማሪ የተረጂ መዝገብ፣ የአካውንቲንግ ተማሪ የዓመቱ ሒሳብ ይጠብቀዋል። የድርጅት ኃላፊዎች፣ እናንተም የተዝረከረከ መጋዘናችሁን አትደብቁ፤ ክፈቱላቸው፣ የሚጠይቁትን መልሱላቸው።

ተማሪዎች፣ አራት አምስት ሆናችሁ ተቧደኑ። በሠፈራችሁ ያለ አንድ ድርጅት ምረጡ። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ «የትኛው ሥራ ነው በጣም የሚያደክማችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያው ጀምሩ።